ከክፍያ በኋላ የሚታይ ጉድለት

 

በር አልገጥም ካለ በዚያው ቀን ይታወቃል። ቧንቧ ካንጠባጠበ ማታውኑ ይሰማል። ቀለም ከተዥጎረጎረ ባለቤቱ ጣቱን ቀስሮ «ይህን አስተካክልልኝ» ይላል፤ እስኪስተካከልም ገንዘቡን ይይዛል። የእንጨት ወለል ግን ለባለቤቱ ይህን ዕድል አይሰጠውም። በርክክብ ቀን፣ ተጠንቅቀው ያነጠፉትም ሆነ እንደነገሩ የለጠፉት ፓርኬ እኩል ያብለጨልጫል። ቫርኒሹ ትኩስ ነው፣ ዞኮሎው ተመትቷል፣ ቤቱ እንጨት እንጨት ይሸታል። ባለቤቱ ይደሰታል፣ ሠራተኛው ቀሪ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ወቅት ሲዞር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሠራተኛው ሌላ ሰፈር፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ገብቷል።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ይነሳል። ጉድለቱ ከክፍያ በኋላ በሚታይ ሙያ ውስጥ ገዢው በዓይኑ መፍረድ አይችልም። ሠራተኛውን ገና ከበር ሳያስገባ፣ በእሱ ቦታ ሆኖ የሚፈርድለት ሌላ አካል ያስፈልገዋል። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው ወረቀት፣ ዋጋ የሚኖረው ይህን ፍርድ በእውነት የሰጠ እንደሆነ ነው። ሁለተኛም ዋጋ አለው፤ እሱ ለሠራተኛው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እስቲ ከእንጨቱ እንነሳ። እንጨት ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ ፓርኬ ከሆነ በኋላም ከአየር ጋር ውሃ መቀባበሉን አያቆምም። አየሩ ሲረጥብ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰጣል። በውስጡ ያለው እርጥበት ከ30 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ወዲያ፣ በሰጠ ቁጥር ይኮማተራል፣ በጠጣ ቁጥር ይሰፋል። ይህም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በወርዱ ግን ብዙ ነው፤ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚመጣው ለውጥ ከግንዱ መሀል ወደ ቅርፊት ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የወለል ሥራ ጣጣ ሁሉ ምንጩ ይህ ነው።

ቁጥሩን እንየው። አየሩ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለበት ክፍል የከረመ እንጨት 9 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ይረጋል። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲደርስ እንጨቱ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ልብስ ታጥቦ የማይደርቅባቸው ወራት ናቸው፤ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃሉ። አብዛኞቹ ቤቶቻችን ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ስለሌላቸው የውጭው አየር እስከ ወለሉ ይዘልቃል። ግድግዳና ጣራው ለውጡን ያለሳልሱታልና ወለሉ በዓመት ውስጥ 3 በመቶ ብቻ ይለዋወጣል እንበል። ብዙ ዓይነት እንጨት ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ በወርዱ 0.3 በመቶ ገደማ ይሰፋል ወይም ይጠባል። 5 ሜትር ስፋት ባለው ሳሎን ውስጥ ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተነጥፈው በነፃነት ቢንቀሳቀሱ ድምሩ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ወደዚያ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ።

ይህን እንቅስቃሴ የሚያስቀር ሚስማርም ኮላም የለም። የባለሙያው ብልሃት እንቅስቃሴውን የት የት እንደሚያሳርፈው ማወቁ ላይ ነው። የፓርኬው ቁራጭ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በዚያ ሳሎን ውስጥ መቶ ያህል መገጣጠሚያ አለ። 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ለመቶ ሲካፈል ለአንዱ መገጣጠሚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርሰውም፤ ዓይን አያየውም፣ መጥረጊያ አይዘውም። በዓሣ አጥንት ቅርጽ ሲነጠፍ ደግሞ የቁራጮቹ አቅጣጫ ስለሚፈራረቅ ግፊቱ ይበልጥ ይከፋፈላል። የድሮ ሰዎች ትንንሽ ቁራጭ መውደዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ቫርኒሹ በየመገጣጠሚያው ሰርጎ ቁራጮቹን እርስ በርስ ካጣበቃቸው፣ መቶው መገጣጠሚያ የሚካፈለው እንቅስቃሴ ተሰብስቦ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይፈነዳል። በጥር ወር ሳሎን መሀል እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ የምታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንጨቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቫርኒሹ ከመቀባቱ በፊት የመጀመሪያው መድፈኛ ቅብ ምን መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው።

በክረምትም ተቃራኒው አለ። አንድ ቤት ላስታውስ። ሳሎኑ ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ እንደ ድንኳን ተነሥቶ ነበር፤ ልጆች እየዘለሉበት ይጫወታሉ። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አነሣናቸው። ጀርባቸውን ስንገለብጠው ኮላው በሙሉ እንጨቱ ላይ ነው፤ በኮላው ላይ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ግራጫ የሲሚንቶ ቆዳ ተለጥፏል። ኮላው አጥብቆ የያዘው ሊሾው ላይ የተኛውን አቧራ ነበር፤ ሊሾውን አላገኘውም። ዞኮሎውን ስንነቅል የመጨረሻው የፓርኬ ረድፍ ከግድግዳው ጋር ተላትሟል፤ በመሀላቸው የነበረችው ቀጭን ክፍተትም በስቱኮ ተሞልታለች። ፓርኬው በክረምት ሲሰፋ የሚሄድበት ቦታ አጣ፤ ታች የሚይዘው ስለሌለ ወደ ላይ ወጣ። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት በግድግዳው ዙሪያ ቢተውለት፣ በዞኮሎው ተሸፍኖ ማንም ሳያየው እየሰፋና እየጠበበ ይኖር ነበር።

ከዚያ ቤት ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው። የፓርኬው አቆራረጥ ያምር ነበር። መስመሩ ክር ይመስላል፣ ማዕዘኖቹ በስኩዋድራ የተያዙ ናቸው። ያነጠፈው ልጅ እጁ የተፈታ ነው። ነገሩን ስንጠይቅ ሊሾው የፈሰሰው ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ለመስከረም ምርቃት መድረስ ነበረበት። ልጁ «አልደረቀም» ብሎ እንደነበረ ባለቤቱ ራሳቸው ነገሩን። ተቋራጩ «ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለው። እሱም አነጠፈ።

ስለ እርጥበት መለኪያ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስቀረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠልጣኝ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ የእንጨት እርጥበት ማወቅ ይችላል። የፓርኬ ቁራጭ ይመዝናል፤ 230 ግራም ነው እንበል። በ103 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያደርቀዋል፤ 200 ግራም ሆነ። የጠፋው 30 ግራም ውሃ ለ200 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። ይህ ፓርኬ ለአዲስ አበባ በጋ ገና ነው፤ ዛሬ ቢነጠፍ በጥር ይከፈታል። ባለ ሁለት መርፌው የእጅ መለኪያ ይህንኑ ባንድ አፍታ ይነግረናል፤ ግን ለእንጨቱ ዓይነትና ለሙቀቱ ማስተካከል ይፈልጋል። ማስተካከያውን የማያውቅ ሰው ቁጥር አንብቦ ሊሳሳት ይችላል።

ሊሾው ከባድ ነው፤ ላዩ ደርቆ ሆዱ እርጥብ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የመድረቂያው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ቀላሉ ሙከራ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ከሥሩ ጠል ካለ፣ ወይም ሊሾው ከጠቆረ፣ ሥራው ይቆማል። ሙከራው እርጥብ መሆኑን ይነግረናል፤ ደረቅ ለመሆኑ ግን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ጀርመኖች ለዚህ የካርባይድ ጠርሙስ ይጠቀማሉ። ከሊሾው ታችኛው ክፍል ቁራሽ ፈልፍለው ያወጣሉ፣ ይፈጩታል፣ ይመዝኑታል፣ ከካርባይድ ጋር በብረት ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው ይንጡታል። ካርባይዱ ውሃ ሲያገኝ ለብየዳ የምናውቀውን ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ በጠርሙሱ ክዳን ላይ ያለውን መለኪያ ይገፋዋል። ለሲሚንቶ ሊሾ ንባቡ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ፓርኬ አይነጠፍም። ክርክር የለም፣ «እኔ እንደሚመስለኝ» የለም።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ ልንገራችሁ፤ ልምድ ያላቸውም ይወድቁበታል። ሳንቃ ወለል ከታች እርጥበት ሲያገኝ የሥሩ ፊት ይሰፋል፣ የላዩ ደረቅ ይቀራል፤ ስለዚህ የሳንቃው ሁለት ጠርዞች ከፍ ብለው መሀሉ ይጎድጉዳል። ባለቤቱ ደንግጦ ይጠራል። የቸኮለ ሠራተኛ የመላጊያ ማሽኑን ይዞ ይመጣና ከፍ ያሉትን ጠርዞች ልጎ ሜዳ ያደርጋቸዋል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ከወራት በኋላ የታችኛው እርጥበት ሲወጣ ሳንቃው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ጠርዞቹ ግን ተልገዋልና አሁን ዝቅ ብለው መሀሉ ጉብ ይላል። አንድ ጊዜ የተበላሸው ወለል ሁለት ጊዜ ተበላሸ፤ ከውፍረቱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ለዘላለም ጠፋ። ትክክለኛው ሕክምና የእርጥበቱን ምንጭ ፈልጎ ማቆም፣ ከዚያም መጠበቅ ነበር። የሚጠብቅ ሰው ግን ሥራ የማይችል ይመስላል። ማሽን የሚያስነሳው ነው ባለሙያ የሚባለው።

ጉዳዩ ዛሬ ከትናንት የበለጠ አንገብጋቢ የሆነው እንጨቱ ራሱ ስለተለወጠ ነው። ጽድ ዕድል የሚሰጥ እንጨት ነው፤ አኮማተሩ ትንሽ ነው፣ የሠራተኛውን ጉድለት ይሸፍናል። ዝግባም ዋንዛም በየቤቱ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከለከለ፤ ደግ አደረገ። በዚህ ምክንያት ባህር ዛፍ ወደ ወለላችን መጣ። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ለጫማ ተረከዝ አይበገርም፤ ሲደርቅ ግን ብዙ ይኮማተራል፣ በችኮላ ካደረቁት ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ውስጡም ይሰረጉዳል። በደንብ ለማድረቅ ትዕግሥት፣ በደንብ ለማንጠፍም መለኪያ ይፈልጋል። በጽድ ዘመን በልምድ ብቻ የሚወጡት ሥራ በባህር ዛፍ ዘመን ያለ ቁጥር አይወጡትም።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ወረቀት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ጥያቄ አንድ አገር በራሷ ላይ ሞክራ አይታዋለች፤ ጀርመን ናት። በጀርመን የፓርኬ አንጣፊነት ሦስት ዓመት የሚሠለጥኑበት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከዚያ በላይ የማይስተር፣ ማለትም የሊቀ ባለሙያ፣ ፈተና አለ። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ የተግባር ሥራ፣ የሙያው ዕውቀት፣ የሒሳብና የሕግ ዕውቀት፣ አራተኛው ደግሞ ተለማማጅ የማሠልጠን ችሎታ። ይህን አራተኛውን ልብ በሉልኝ። ለቀጣዩ ትውልድ ማስተላለፍ የማይችል ሰው ማይስተር አይባልም። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ማይስተር የሌለበት ድርጅት በፓርኬ ሥራ ራሱን ችሎ መቋቋም አይችልም ነበር።

በ2004 እ.ኤ.አ. ሕጉ ላላ። 53 የእጅ ሙያዎች ከማይስተር ግዴታ ነፃ ወጡ፤ ፓርኬ አንጣፊነት አንዱ ነበር። የታሰበው ውድድር እንዲጨምር፣ ሥራ አጥ ራሱን እንዲቀጥር ነበር፤ ክፉ ሐሳብ አይደለም። በእርግጥም ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ተከፈቱ። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ድርጅት ግን ተለማማጅ አይቀጥርም። በነፃ በወጡት ሙያዎች የሚሠለጥነው ወጣት ቁጥር ወረደ፣ ስለ ሥራ ጥራት የሚነሳው ቅሬታም በረታ። በ2020 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ላይ የጀርመን ፓርላማ ያጸደቀው ማሻሻያ ሥራ ላይ ሲውል የማይስተር ግዴታ ለ12 ሙያዎች ተመለሰ። ፓርኬ አንጣፊነትም፣ ሊሾ ማፍሰስም ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ናቸው። በመሀሉ የተከፈቱት ድርጅቶች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። የተቃወሙ ነበሩ፤ ገበያውን ይዘጋል፣ ዋጋ ያስወድዳል ብለዋል። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶ የተገኘውን ትምህርት ከክርክሩ አስበልጣለሁ፤ ጉድለቱ ዘግይቶ በሚታይ ሙያ ላይ ገበያው ብቻውን ጥሩውን ከመጥፎው አያበጥርም።

አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንጨት ወለል ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበራቸው በፈቃደኝነት የሚወሰድ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ለአንጣፊ ለብቻ፣ ለላጊና ለቀቢ ለብቻ፣ ለመርማሪም ለብቻ። መርማሪው ባለቤትና ሠራተኛ ሲካሰሱ ቦታው ድረስ ሄዶ ጉድለቱ የማን እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ነው። ማኅበሩ ያወጣው መመሪያ በቁጥር የታሰረ ነው፤ ለጠባብ ቁራጭ በወለሉ እንጨትና ከሥሩ ባለው የእንጨት ርብራብ መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት ከ4 በመቶ፣ ለሰፊ ሳንቃ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ይሁን እንጂ መመሪያቸውን እንዳለ ገልብጠን ብንወስደው እንሳሳታለን። የእነሱ ቁጥር የቤቱ አየር ዓመቱን ሙሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ውስጥ ተይዞ እንደሚኖር ያስባል፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አላቸው። የእኛ ሳሎን መስኮቱ ክፍት ነው። ድሬዳዋ የሚነጠፍ ፓርኬና ጎሬ የሚነጠፍ ፓርኬ አንድ ቁጥር ሊኖራቸው አይችልም። የራሳችንን ቤቶች ለክተን፣ የራሳችንን ቁጥር ማውጣት አለብን። ይህን ሥራ የሚሠራ የኮሌጅ መምህር ካለ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የምለምነው እሱን ነው።

የእኛ የሙያ ሥልጠና ሥርዓት ከጀርመን ብዙ ተውሷል፤ ከፊሉን በኮሌጅ፣ ከፊሉን በድርጅት የሚሠለጥኑበት የትብብር ሥልጠና ከዚያ የመጣ ነው። ለዓመታት የሠራንበት ማዕቀፍ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይሄድ ነበር፤ ሰውየው ሙያውን ኮሌጅ ገብቶ ይልመደው፣ ከአጎቱ ጋር እየሠራ ይልመደው፣ መመዘን ይችላል። ይህን የማያውቁ ብዙ አንጋፋ አናጢዎች አሉ። ሲኦሲ ለትምህርት ቤት ልጆች ብቻ የመጣ ይመስላቸዋል፤ «በስተርጅና ፈተና ምን አገባኝ» ይላሉ። ጋሼ ብለን የምናከብራቸው፣ እጃቸውን ፓርኬው ላይ አሳርፈው «ይህ አልደረቀም» የሚሉ ሰዎች ናቸው። መዛኙ እነሱን እንደ ጀማሪ ተፈታኝ አስቀምጦ የቃላት ትርጉም ከጠየቃቸው ጥፋቱ የመዛኙ ነው። እነሱ ከመዛኙ ጎን መቀመጥ ያለባቸው ናቸው።

በዚህ ላይ የታሪክ ዕዳ አለብን። በዚህ አገር ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ማክበሩን ግን በአዋጅ ማምጣት አይቻልም። ዛሬም ቤት ሠሪው መሐንዲሱን «ኢንጂነር» ብሎ ተነሥቶ ይቀበለዋል፤ ፓርኬ አንጣፊውን «አንተ ልጅ» ይለዋል። የአንጣፊው ስህተት ግን ባለቤቱን ከመሐንዲሱ ስህተት ባላነሰ ያስለቅሰዋል።

ያን እንደ ድንኳን የተነሣ ሳሎን ያነጠፈው ልጅ «አልደረቀም» ባለ ጊዜ ምን እንደጎደለው አስቡት። ዕውቀቱ ነበረው። የጎደለው የሚደገፍበት ነገር ነው። በእጁ የእርጥበት ንባብ ቢኖር፣ ንባቡም የታወቀ ደረጃ ላይ የቆመ ቢሆን፣ ያለ ደረጃው ቢያነጥፍ ማረጋገጫው እንደሚሰረዝበት ተቋራጩም ቢያውቅ፣ «ገና ነው» ማለት የልጁ ግትርነት ሆኖ አይቆጠርም ነበር፤ የሙያው ሕግ ይሆን ነበር። «ሌላ ሰው አመጣለሁ» የሚለውም ማስፈራሪያ ጥርሱ ይወልቅ ነበር፤ የሚመጣው ሌላ ሰው ያንኑ ቁጥር አንብቦ ያንኑ ይናገራልና። ለሠራተኛው ያለው ዋጋ ያልኳችሁ ይህ ነው። ደመወዝ ከመጨመሩም በፊት፣ እንቢ ማለት ያስችላል።

ይህ እንዲሆን ፈተናው ራሱ መለወጥ አለበት። ተፈታኙ ሁለት ካሬ ሜትር ፓርኬ አንጥፎ፣ ቀጥ ማለቱ ታይቶ ማለፍ የለበትም፤ ያ እጅን ብቻ ይመዝናል። ሆን ተብሎ እርጥብ የተደረገ ሊሾና በደንብ ያልደረቀ ፓርኬ ይሰጠው። ለክቶ «አላነጥፍም» ብሎ ምክንያቱን ከነንባቡ ከጻፈ አልፏል። መሣሪያውን አንሥቶ ማንጠፍ ከጀመረ ወድቋል። እንዲህ ያለ ፈተና የሚሸጥም የሚለወጥም መልስ የለውም፤ እርጥበቱ በየተፈታኙ ይለያያልና። ወረቀት በገንዘብ ይገኛል የሚለውን ሐሜት የሚያጠፋው አንዱ መንገድ ይህ ይመስለኛል። ሌላው፣ የተረጋገጡ ባለሙያዎች ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ መውጣቱ፣ ተደጋጋሚ ቅሬታ የተረጋገጠበትም ከመዝገቡ መሰረዙ ነው። የማይሰረዝ ማረጋገጫ ማንንም አያረጋግጥም።

የጤናውም ነገር በፈተናው ውስጥ ይግባ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ልጆቻችን ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፓርኬ ሲልጉ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ነው የምናያቸው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም በውሃ ተነክሮ በተከደነ የብረት ዕቃ ይቀመጥ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ቤት ውስጥ ማሳደር ያስፈራል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አንዲት እህታችን ዓረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ለመሥራት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ይጠይቃል። ተገቢ ነው። የእኛን የገዛ ቤት ወለል የሚያነጥፈውን ሰው ግን ስሙን እንኳ በሙሉ ሳንጠይቅ ቁልፍ እንሰጠዋለን። ለሰው ቤት የጠየቅነውን ለራሳችን ቤት መጠየቅ ያቃተን ለምንድን ነው? ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ውል ስትዋዋሉ ማረጋገጫውን አሳየኝ በሉ። ፓርኬው ከመነጠፉ በፊት እሱም ሊሾውም ተለክተው ንባቡ በወረቀት ይሰፍራል የሚል አንቀጽ አስገቡ። በትልልቅ ግንባታዎች ሪቴንሽን የምንለው መያዣ ገንዘብ አለ፤ ከወለሉም ዋጋ ጥቂቱን፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ እስኪያልፍበት ያዙ። በዚያው ልክ ግን ለሠራተኛው የመጠበቂያውን ጊዜ ክፈሉት። ሊሾ እስኪደርቅ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ያጣ ሰው፣ ቢያውቅም ያነጥፋል። መያዣ እየያዙ የመጠበቂያውን አለመክፈል ግፍ ነው።

እናንተም ባለቤቶች ወለሉ ከተረከባችሁት በኋላ ውሃ አፍስሳችሁ አትጠቡት። የፈረንሳይ ነገሥታት ቬርሳይ ላይ የእብነ በረዱ እጥበት ከሥር ያለውን የእንጨት ወራጅ እያበሰበሰ ቢያስቸግራቸው በ1684 እ.ኤ.አ. ወደ ፓርኬ ዞረዋል። ውሃውን ሸሽተው የመጡበትን ወለል እኛ በባልዲ አንጠበው። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል።

ለዘንድሮ ክረምት ሊሾ ለማፍሰስ ያቀዳችሁ ካላችሁ፣ ከቻላችሁ ግንቦት ሳይገባ አፍስሱት፤ ካልቻላችሁም ፓርኬውን ለኅዳር አቆዩት፤ ቤቱን በፕላስቲክ ምንጣፍ ግቡበት፤ ምርቃቱም በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ይደምቃል። ፓርኬው ገና ሳይነጠፍ እሽጉ ተፈትቶ፣ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ አየር በመሀሉ እንዲያልፍ ተደርጎ ተደርድሮ ይክረም፤ ስንት ቀን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ የመለኪያው ቁጥር አልለወጥም ሲል ነው የሚበቃው።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ባለ ሁለት መርፌ መለኪያ፣ ሚዛንና የተለያየ እንጨት ፓርኬ አለ። ከየቤታችሁ ቁራጭ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ኑ አብረን እንለካው። ሠልጣኞች ቅድሚያ ይኖራችኋል።